የመጨረሻው እንዳይቆጠር

ሰናይት የያዘችው ሥራ አሰልቺ እንጂ ከባድ አልነበረም። ቢሮዋ ከሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጡት ዝግጁ ትእዛዞች፣ ፈንክሽኖቹ፣ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ «ከአንድ እስከ አምስት» ሲባሉ ገሚሶቹ አምስትን ይቆጥራሉ፣ ገሚሶቹ አራት ላይ ያቆማሉ። አለቃዋ ምህረቱ «አንድ ወጥ ይሁኑ፤ የመጨረሻው እንዳይቆጠር» ብሏት ወጥቷል። ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ ያልደረቀ የሲሚንቶ ሽታ ከደረጃው እየመጣ፣ አንድ በአንድ አስተካክላ ጨረሰችና ላከችው።

ከራሷ በላይ፣ ከመጨረሻው ከስድስተኛው ፎቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጎተት የዋለው ወንበር ቀጥ አለ። እፎይ አለች። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ግን ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ አልነበረም። በቦታው የቆመውን ግድግዳ ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛና አሮጌ ነው።

ስልኳ ጠራ። ልጆቿን ከትምህርት ቤት የሚያመላልሱት ሹፌር፣ ጋሽ ዘነበ ናቸው።

«ልጆቹን አድርሻለሁ፤ ሁለቱም ገብተዋል።»

«ጋሼ፣ ሦስት ናቸው እኮ። ትንሹ ናሆምስ?»

«እኔ የማመላልሰው ሁለት ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት በትዕግሥት።

ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ፎቶ ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ያለው ትራስ ሰው እንደተነሣበት ጎድጉዷል። ሥራዋን ወደነበረበት መለሰችው፤ ፎቶው አልተለወጠም። ልጄን፣ ልጄን እያለች፣ ድሮም የመጨረሻውን ይቆጥሩ የነበሩትን እንኳ ሳትለይ፣ ሁሉም ላይ አንድ ጨመረችና ላከች።

ወንበሩ እንደገና ተጎተተ። ሰናይት በደስታ አለቀሰች። ቀጥሎ ሌላ ወንበር፣ ከዚያኛው በላይ፣ ሰማይ ብቻ መሆን ካለበት ቦታ፣ በዝግታ ተጎተተ።

ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት። ልትሰርዘው ስትል ኮምፒውተሩ እሺ አላላትም፤ ከምህረቱ መልእክት ደርሷል፦ «ጎበዝ። አጽድቄ ዘግቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።» ደወለችለት፤ አያነሣም። ፎቶውን እንዳታየው በፊቱ ደፋችው።

ስልኩ ጠራ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ እርጅና ነው የተጫወተብኝ» አሉ ጋሽ ዘነበ፤ «አራቱም ቤት ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ‹እናታችን ሳትመጣ ማንም አይወጣም› ብሎ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።»