የሻማው ፈተና

ከታላቁ ጦርነት ማግስት በአራተኛው ዓመት፣ ዝናም ሊገባ ሲል፣ የጥጥ መዳመጫው ሠራተኞች በሐኪሙ ክፍል ደጃፍ ተሰልፈው ነበር። ከነሱም መካከል ሃያ ስድስት ዓመት ብናኝ የማገ አንድ ዳማጭ ቆሟል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ስለሚያፏጭ ባልንጀሮቹ «አባ ወናፍ» ይሉታል፤ እሱም ዝም የሚለው ቀልዱን ወዶት ሳይሆን መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሐኪሙ የበራ ሻማ ከአፍ በስንዝር ርቀት ይይዛል፤ ተመርማሪው ከንፈሩን ሳያሾል፣ አፉን እንደ ከፈተ ተንፍሶ ያጠፋል። ያላጠፋ ሳንባው ተበላሽቷል ተብሎ ይሰናበታል፤ የተሰናበተ ደግሞ የፋብሪካውን ቤት በሦስት ቀን ይለቃል። ዳማጩ ከሚስቱና ከአልጋ ከማትነሣ እናቱ ጋር የሚኖርባት ክፍል የፋብሪካው ናት፤ ስለዚህ ከሞት ይልቅ ሻማውን ይፈራ ነበር።

በመዳመጫው ዘንድ ሐኪም ፊት ከመቅረብ በፊት ሽርጥን ማራገፍ ደንብ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ታናሽ ወንድሙ በዚህ ደንብ ተጠቀመ፤ ዳማጩ አፉን በከፈተበት ቅጽበት ከጎኑ ሽርጡን በኃይል አራገፈ፤ ሻማው ጠፋ። ሐኪሙ ከብናኙ የተነሣ ዓይኑን እያሸ «ደኅና ሳንባ» ብሎ ጻፈ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። በዚያው ሳምንት አዲስ አዋጅ ወጥቶ ኖሯል፤ ሻማውን ያላጠፋ ሁሉ ቤቱ ሳይነካበት ብናኝ ወደሌለበት የኮረብታው ሆስፒታል ሄዶ ይታከም ይላል። ሐኪሙ ሠራተኛው ያውቃል ብሎ ዝም አለ፤ የመዳመጫው ሹም ግን የሰው እጅ እንዳያጥረው አዋጁን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ሻማውን ያላጠፉ ሃያ ሦስት ሕሙማን በመኪና ተጭነው ሲሄዱ ነው ወንድምየው ነገሩን የሰማው፤ ሮጦም ሐኪሙ ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ሻማውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን እንደገና ይመርምሩልኝ።»

«መዝገቡ ታሽጎ ለመንግሥት ሄዷል» አለ ሐኪሙ። «ማጭበርበር እንዳለበት ከታወቀ፣ አዋጁን የሚጠሉት ሰዎች ሃያ ሦስቱንም ከአልጋቸው ያስወርዷቸዋል። ለከርሞ ይምጣ።»

«ለከርሞ በምን ትንፋሹ ይደርሳል፣ ጌታዬ?»

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም በሩን ዘጋው።

ዳማጩ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሠራ። በመጨረሻው ጊዜ ተጋድሞ መተኛት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ያድር ነበር፤ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በመዳመጫ መኪናው አጠገብ ተቀምጦ እንዳለ ሞተ፤ ሹሙም መዘውሩን ሳያስቆም አስከሬኑን አስወጣ። አዋጁ የሕመምተኛን ቤት እንጂ የጤነኛን ስለማይጠብቅ፣ ሚስቱና እናቱ በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ወደቁ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ ስለዚያ ሆስፒታል መጽሐፍ አሳተመ። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት እንደነበሩ ይናገራል፤ እውነትም ነው፣ ሊመሰገንበት ይገባል። ዳማጩ የተጻፈው በሌላ ገጽ፣ ሳንባቸው ደኅና ሳለ በሞቱት ተርታ ነው፤ የፋብሪካው ባለቤቶችም የሚገድለው ብናኝ አለመሆኑን በችሎት ሲከራከሩ ያንን ገጽ እየጠቀሱ ብዙ ጊዜ ረቱበት። ታሪክ ጸሐፊዎችም ገጹን አምነው ገለበጡት፤ ወንድምየው እስከ እርጅናው ድረስ እዚያው ሰፈር ነበር፣ የጠየቀው ግን የለም።