አቤት ያልተባለላት ልጅ

ልጆቼ፣ ይኼን የምጽፈው ፈርቼ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ማንኩሳ ወርዶ ይጠይቅ። በእኔው ደጃፍ፣ በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ቀትር የሆነ ነው።

ልጄ እናትነሽ ሁለት ሴቶች ወልዳ፣ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል። ሦስተኛዋን ስትወልድ ከትራሷ ሥር ማጭድ አድርጌ አልተለየኋትም።

ስም እንኳ አላወጣንላትም። ፈርተን።

በስድስተኛ ሳምንቷ ለክትባት ጤና ኬላ ወሰድናት። ካርዷ ላይ «የእናትነሽ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ከቡሬ የመጣችው ከታቢዋ ሀኒ ተጣራች።

«ውዲቱ!»

አምስት እናቶች አንድ ላይ «አቤት!» አሉ።

ሀኒ ሳቀች። «ኧረ ምንድን ነው? ሰፈሩ ተማክሮ ነው እንዴ የወለደው?»

ውዲቱ የሚባል ስም በአገራችን ሰምቼ አላውቅም።

ሁሉም ሳቀ። ሕፃናቱ ግን... ገና አንገታቸው ያልጸና ሕፃናት፣ አምስቱም ፊታቸውን እኩል አዞሩ። ወደ ሀኒ አይደለም።

ወደ በሩ።

በሩ ላይ ማንም የለም።

«ማን አወጣላት?» አልኳት ከአምስቱ እናቶች አንዷን፣ ጎረቤቴን ሰብሊን በሹክሹክታ።

«አንዲት መንገደኛ። በቀትር ውሃ ለምና ‹ውዲቱ በሏት፣ ታድግላችኋለች› ብላ መረቀችን። የእንግዳ ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

«ከዚያስ?»

«ከአጥሩ ውጪ ሆና ስሟን ጠራች። እኔም ለልጄ አቤት አልኩላት።» ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ከዚያን ቀን ወዲህ... አልቅሳ አታውቅም።»

እውነትም መርፌው ሲገባ አምስቱም አላለቀሱም።

የእኔዋ ግን ጤና ኬላውን በጩኸት አናጋችው። ተመስገን አልኩ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ መንገደኛዋ እኛ ቤት መጣች።

ውሻችን አልጮኸም። ጎተራ ሥር ገባ።

«ቤቶች! ውሃ አጠጡኝ።»

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ደጁ ጭቃ ነበር። እግሯ ላይ ግን ጭቃ የለም።

ውሃ አይከለከልም። በአንኮላ፣ በዚያች በቅል መጠጫችን ሰጠኋት። ጠጣች... ጠጣች... ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ አየሁ።

ውሃው አልጎደለም።

«ሕፃኗን ውዲቱ በሏት፤ ታድጋለች» አለች።

«ስም እኛው እናወጣለን። ይሂዱ።»

አንኮላዬን እንደያዘች ወጣች። ከአጥሩ ማዶ ግን...

«ውዲቱ!»

እናትነሽ ለመመለስ አፏን ስትከፍት በመዳፌ ግጥም አደረግኩት። ሁለት የቀበረች እናት ናት፤ «ታድጋለች» ሲሏት ምን ታድርግ?

«ውዲቱ!»

ልጄ እጄን ነከሰችኝ። አልለቀቅኳትም።

«አንቺ!» አልኩ ወደ በሩ። «እዚህ ቤት ውዲቱ የለችም! ያለችው አቻምየለሽ ናት። የራሴን ስም ሰጥቻታለሁ። መጥራት ካማረሽ እኔን ጥሪ!»

በዚያን ቀን ደግማ አልጠራችም።

አገሬው አማኝ። አያት በቁሟ ስሟን ለልጅ ትሰጣለች ወይ ብሎ። ይማ! የእኔ አቻም ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስትለፈልፍ አይጣል ነው።

አምስቱ ውዲቱዎችም አድገዋል። ሲስቁም ሲያለቅሱም ያየ የለም። ስሙ ግን ቡሬ ደርሷል፣ ሽንዲ ደርሷል። ሴት በተወለደ ቁጥር ውዲቱ ነው።

ትናንት ቀትር ላይ የአቻምን ፀጉር እየሠራሁ ነበር።

«አቻምየለሽ!» አለ ከአጥሩ ማዶ።

ድምፁን አወቅኩት።

የልጅቱን አፍ በመዳፌ ያዝኩ። እኔም ጥርሴን ነከስኩ።

«አቤት!» አለ የልጅ ድምፅ...

ከጓዳ።

ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከአቻም በቀር ሰው የለም።

ማጭዴን ይዤ ገባሁ። ጓዳው ባዶ ነው። መሬቱ ላይ ያኔ ይዛብኝ የሄደችው አንኮላ ተቀምጧል፤ ውሃ ግጥም ብሎበት።

«ከእኛ አቤት ያለላት የለም፤ ስሟንም አልቀይርም!» ብዬ አመድ ላይ ደፋሁት።

ቀና አድርጌ አየሁት...

ሞልቷል።