ያልያዘው አተላ

«አልቅሺ እንጂ ልጄ! ዛሬ ማንም አልከለከለም።»

መቶ አለቃ ወርቅዬ ዩኒፎርም አልለበሰችም ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ጥግ ስለ ተቀመጠች እትዬ ሸዋርካብሽ እንዲህ ያሏት ከሩቅ የመጣች ዘመድ መስላቸው ነው። መታወቂያዋን ስታሳያቸው አሮጊቷ ደነገጡ።

«ውይ፣ ይቅር ይበሉኝ! ፖሊስ መሆንዎን በምን ልወቅ?»

«ምንም አይደል እትዬ። ሟች ምንዎ ነበሩ?»

«ጎረቤቴ። ግድግዳ ለግድግዳ።» እንባቸውን ጠረጉ። ከለቀስተኛው ሁሉ እሳቸውን ያህል ያለቀሰ አልነበረም።

ጋሼ ጎበዜ በሸማ ተራ የታወቁ የጋቢ ነጋዴ ነበሩ። ትናንት ቀትር ላይ ሱቃቸው ውስጥ ሲኒያቸው አጠገብ ሞተው ተገኙ። ልባቸው ደካማ ስለ ነበር ማንም አልተገረመም፤ ወንድማቸው ዱባለ ግን ጣቱን በሟች ሚስት ላይ ቀሰረ።

«በየቀኑ ፔርሙስ አንጠልጥላ የምትመጣው ማን ሆነና! ምን ይጠብቃሉ ጓድ መቶ አለቃ? ያስሯት እንጂ!»

«ዓመት ሙሉ ያጠጣሁት የተቆላ ገብስ ነው» አለች ሚስታቸው የሻሽወርቅ። «ሐኪሙ ቡናውንም ሻዩንም ለስላሳውንም ከለከለው። ሽታው እንዳያስጎመጀው ብዬ እኔም ቡና ከቤቴ አጠፋሁ። ገብሱን ቆልተው ወቅጠው የሚሰጡኝ እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው። ለድካማቸው ብዬ ከቀበሌ የሚደርሰኝን ቡና እሰጣቸዋለሁ።»

«ገብሱ ቡና ቡና አይሸትሽም ነበር?»

«ይሸተኛል። እትዬ ሁለቱንም በአንድ ሙቀጫ ስለሚወቅጡ ነው ብዬ ተውኩት።»

ወርቅዬ ወደ ሱቁ ሄደች። ተቀጣሪው ፈለቀ ጋቢ እያጠፈ ነበር።

«ጋሼ ሰሞኑን ሰው አልነበሩም» አላት። «እንቅልፍ አጣሁ ይላሉ። ልቤ ልትዘል ነው ይላሉ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጋቢው ጫፍ ከጫፉ አልገጥም ይላቸው ነበር።»

«ገብሱንስ ይጠጡ ነበር?»

«ድሮማ እንደ ኮሶ አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ሰሞኑን ግን ‹ዛሬስ ጣመኝ፣ ድገመኝ› ማለት አመጡ።»

ሲኒው አልታጠበም። ወርቅዬ አተላውን በጣቶቿ አሸችው፤ እንደ አሸዋ ተበተነ። የፔርሙሱም እንደዚያው ነበር።

ሐኪሙ መርዝ አላገኘም። ወርቅዬ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ቡና የከለከልካቸው ለምንድን ነው?»

«ካፌይን አለበታ። ለእኔና ለአንቺ ንቃት ነው፤ ሲበዛብን እንቅልፍ ይነሳናል። ለእሳቸው ልብ ግን አለንጋ ነው። የደከመ ፈረስ እየገረፍሽ ብታስጋልቢው ምን ይሆናል?»

ያን ጊዜ ቡና ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ሰው ቀበሌ በሚያድለው ጭብጥ ቡና ላይ ገብስ እየቀላቀለ ነው የሚያብቃቃው። ወርቅዬ የሟቹን ግቢ ጎረቤቶች ስትዞር በየቤቱ የቀረበላት እንዲህ ያለ ድብልቅ ነበር። እትዬ ሸዋርካብሽ ቤት የቀረበላት ግን ገብስ ብቻ ነው። ጠጥታ አመስግና ወጣች።

በማግስቱ ዱባለን፣ የሻሽወርቅን፣ ፈለቀንና እትዬ ሸዋርካብሽን ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፈለቀ የቀዳው የመጣለትን ነው፤ ሲኒውና ፔርሙሱ አንድ ዓይነት ናቸው» አለች ዝግ ብላ። «የገብስ አተላ ሲያድር እንደ ሙጫ ይይዛል። የጋሼ ጎበዜ አተላ ተበተነ። ስለዚህ የጠጡት ቡና ነው፤ ያውም ንጹሕ ቡና። በዚህ ዘመን ይህን ያህል ቡና ከየት ይመጣል? የሻሽወርቅ ድርሻዋን ለሰው ሰጥታለች። የሁለት ቤት ቡና የሚገባበት ቤት አንድ ነው፤ በዚያ ቤት ግን የሚጠጣው ገብስ ብቻ ነው። ቡናው ወዴት ሄደ? ትንሽ በትንሽ፣ ሟቹም ሚስትም ሳይነቁ፣ የገብሱን ቦታ እየወሰደ ሄደ።»

«እትዬ ሸዋርካብሽ?» ዱባለ ከመቀመጫው ተነሳ። «ምን አድርጓቸው!»

«እሱን ራሳቸው ነግረውኛል። ‹ዛሬ ማንም አልከለከለም› አሉኝ። እትዬ፣ ታዲያ ድሮ ለቅሶ የከለከልዎ ማን ነበር?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገለጡ። ዐይናቸው ደርቆ ነበር።

«ጎበዜ ነዋ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ልጄን ውቤዬን ‹እሱ ነው› ብሎ ያሳየው ጎበዜ ነው። የልጄ ሬሳ ደጄ ላይ ተጥሎ፣ እንዳላለቅስ በሬ ላይ ቆሞ የጠበቀኝም ጎበዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ‹እንደምን አደሩ› ስንባባል ኖርን። መርዝ አላጠጣሁትም። አገር የሚጠጣውን ነው ያጠጣሁት።»

«እንደሚገድላቸው ያውቁ ነበር?»

«የሻሽወርቅ ሐኪሙ ያለውን ነግራኛለች። መጀመሪያ እንቅልፍ ይንሳው ብዬ ነበር፤ እኔ እንዳጣሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጣመው።»

አሮጊቷ ወደ የሻሽወርቅ ዞሩ።

«አንቺን ሊያስሩሽ ሲሉ ዝም ማለቴን ግን እግዜር ይይብኝ» አሏት። «ለቅሶዬን ልጨርስ ብዬ ነው። ሰሞኑን ያለቀስኩት ለውቤዬ ነው።»

የሻሽወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወርቅዬ እትዬ ሸዋርካብሽን ደግፋ አስነሳቻቸውና በመሳለሚያ በኩል በእግራቸው ወደ ጣቢያ ሄዱ።