የመዝጊያ ጣት

«ወይኔ! አትንኪኝ! ጣቷ መግል ይዟል!»

የፋርማሲስቷ ልጅ ወንበሯን እየጎተተች ሸሸች። ቤተ ሙከራው በሳቅ ተናጋ። መዝጊያ የተፈታውን ፋሻ መልሳ ጣቷ ላይ ለመጠምጠም ታገለች፤ ፋሻው ግን አልያዝ አላት።

መዝጊያ የወጣላት ስም ነው። የክፍላቸው የሴቶች ቡድን ግብ ጠባቂ ናት። ዘንድሮ አንድ ጎል ብቻ ነው የገባባት፤ ስለ እሱም ብትጠየቅ «ኦፍሳይድ ነበር» ነው መልሷ። ጣቷን የወጋት የጎሉ መረብ የታሰረበት ሽቦ ነው። ፍጻሜው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነው። እሷ ከቀረች የምትገባው ተጠባባቂ ይህችው የፋርማሲስቷ ልጅ ናት።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ።

«ቲቸር፣ ቆሻሻ ነዋ! ያስጠላል!»

«ቆሻሻ? ነይ እስቲ መዝጊያ፣ ነይ ወደ ፊት።»

ወደ ፊት! በዚህ ክፍል ይህን ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው። የፊት ወንበር ልጆች እንደ ርስታቸው ከበውት ይውሉና የኋላዎቹ ተራ ሲደርስ ደወል ይደወላል። «በሚቀጥለው ሳምንት» ይባላሉ። የሚቀጥለው ሳምንት የሚባለው ሳምንት ግን መጥቶ አያውቅም።

መምህሩ ጓንት አጠለቁ። ከጣቷ የሚወጣውን መግል በቀጭን መስታወት ነካ አደረጉ፣ አደረቁት፣ ሰማያዊ ቀለም አንጠባጠቡበት፣ አጠቡት። የፊት ወንበሮቹ ወዲያው መጋፋት ጀመሩ።

«ወደ ኋላ! ጣቱ የማን ነው? መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።»

መጀመሪያ ያየችው የገዛ ሽፋሽፍቷን ነበር። ቀጥሎ ብዥታ። መምህሩ ከጎኗ ሆነው ማስተካከያውን ቀስ አድርገው ሲያዞሩላት ድንገት ጠራ። ክብ ክብ ነገሮች ሞልተዋል፤ በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ የባቄላ ክክ የመሰለ ሰማያዊ ነገር ተቆራርጦ ተቀምጧል። አንደኛው ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ዘለላ የሠሩ።

«ቲቸር! በልቷቸዋል! ሆዱ ውስጥ ናቸው!»

«ማን ማንን በላ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ሥጋ ቤት ነው እንዴ?»

«ዝም በል አንተ! ነጭ የደም ሴል ነው» አሉ መምህሩ፤ እሳቸውም ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። «ሽቦው ቆዳዋን ሲቀድ ባክቴሪያዎቹ ገቡ። ገብተውም አልተኙ፤ ተራቡ፣ መርዛቸውን ረጩ። ሰውነቷ ደሙን ወደዚያ ላከ፤ ጣቷ የቀላው፣ ያበጠው፣ የሚያቃጥላት ለዚህ ነው። ነጮቹ ከደም ሥር ሾልከው ወጥተው ያገኙትን ዋጡ። ብዙዎቹም እዚያው ሞቱ። መግል የምትሉት ሬሳቸውን ነው። አሁን ቆሻሻ በሏቸው እስቲ!»

ማንም አልሳቀም። «ብቻ ያልሞቱ ባክቴሪያዎችም አሉበትና እንዳትነካኩት» ብለው ጨመሩ።

የቀረው ሰዓት የመዝጊያ ሆነ። ሰልፉን እሷ አስያዘች፣ የት እንደሚታይ እሷ አሳየች። «ከላይ በስተግራ፣ ያ ሆዳሙ!» እያለች ትጮኻለች። የፋርማሲስቷ ልጅ እንኳ ተራዋ ደርሶ አጎንብሳ፣ «እንዴ! አቦ አሪፍ ነው!» ስትል መዝጊያ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች።

«ቲቸር፣ ሁልጊዜ እነሱ ናቸው የሚያሸንፉት?» ብላ ጠየቀች።

«አብዛኛውን ጊዜ። አንዳንዴ ግን ባክቴሪያው ጥሶ ያልፋል። ያን ጊዜ ከቁስሉ ተነስቶ በክንድ ሽቅብ የሚወጣ ቀይ መስመር ይታያል፣ ብብትም ያብጣል። እሱን ያየ ሰው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው ያለበት። ደም ውስጥ ከተሰራጨ ይገድላል።»

ደወሉ ተደወለ። መዝጊያ ከሁሉም ቀድማ ወጣች።

ጠዋት ስትታጠብ የእጅ አንጓዋ ላይ ቀይ ነገር አይታ ነበር፤ የእጅጌዋ ስፌት ያተመባት መስሏት ነው የተወችው። መጸዳጃ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች። መስመሩ ክርኗ ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ብብቷን ነካ ስታደርገው አመማት።

አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ አለች ለራሷ። ተጫውቼ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ቡድኑ ሲመረጥ «ለሌላ አትሆንም፣ ጎል ላይ ትገተር» ብለው ነው ያቆሟት። እየተሳሳቁ። ዓመቱን ሙሉ እሷ በጭቃ ስትንከባለል ኖራ፣ ዛሬ ፀጉሯን ያሳመረችው ተጠባባቂ ገብታ ዋንጫ ልታነሳ ነው? ፎቶውም ኮሪደር ላይ ይሰቀላል። ፎቶ ደግሞ ያልነበረን ሰው አያስታውስም።

ግን አይታለች። ያን ሆዳሙን በዓይኗ አይታዋለች፤ ጠግቦ እንኳ ቦታውን ሳይለቅ ነው የሞተው። አሁን እዚህ ክንዷ ውስጥ፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው፣ ሌሎቹ እየተሸነፉ ነው። እሷ ደግሞ ኳስ ልትጠብቅ!

ውጭ የፋርማሲስቷ ልጅ ቧንቧው ሥር እጇን በሳሙና ትፈትጋለች። መዝጊያ ክንዷን ዘረጋችላት።

«ይሄ ቲቸር ያሉት ነው አይደል?»

ልጅቷ ሳሙናው ከእጇ አመለጣት። «አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ እንጂ!»

«ጨዋታውስ?»

የፋርማሲስቷ ልጅ ጎንበስ ብላ ሳሙናውን አነሳች። የከንፈሯ ጫፍ ግን እንደ መሳቅ አለ፤ ወይም ለመዝጊያ እንደዚያ መሰላት። ለቅጽበት ያ ሁሉ የድሮ ሳቅ ትዝ አላት። ዞር ብላ ወደ መምህራን ክፍል ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

«ስሚ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «የተጋጣሚያችን ቁጥር አሥር ፍጹም ቅጣት ስትመታ ወደ ቀኝ እያየች ወደ ግራ ነው የምትልከው። ዓይኗን እንዳታምኚ።»

መልሱን አልጠበቀችም። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ሮጠች።