ግማሹ ይበቃ ነበር

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው አንገቷ ላይ ቀዶ ጥገና በተደረገላት በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። መንጋጋዋ ግጥም ብሏል፤ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። መርማሪዋ ስትደርስ የሟች ታላቅ ወንድም በር ላይ ጠበቃት።

«ያስታመመቻት ልጇ ናት» አለ ሳይጠየቅ። «ምን እንዳበላቻት እሷን ጠይቂ።»

ልጅቷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ትናንት ምን አለችሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ጣቴንና ከንፈሬን ደነዘዘኝ አለች። መርፌ ከእጇ ይወድቅ ነበር። ‹ሥራ የፈታ እጅ ይለግማል› ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።»

«ሕመሟ ምን ነበር?»

«እንቅርት ነዋ።»

«መድኃኒትስ?»

«ቫይታሚን። አጎቴ አምጥቶ ደስ ሲልሽ ዋጪ አላት። እሷ ደግሞ ኪኒን ጠላቷ ነው፤ ትታው ነበር።»

የቫይታሚኑ ብልቃጥ ላይ የተሳሉት ትናንሽ ቢጫ ፍሬዎች ናቸው። ከውስጡ የወጡት ግን ነጭና ትልልቅ ነበሩ። መርማሪዋ አንዱን ይዛ ማዶ ወዳለው ፋርማሲ ሄደች። ባለሙያው «ካልሲየም ነው» አላት።

ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም በስልክ «እንቅርት ነበር» ብሎ ዘጋ። ወንድምየውም እንቅርት አለ። «ግማሹ ቀርቶ ኋላ ከሚነሳባት ብለን ሙልጭ አድርገን አስወጣነው። ወረቀት? ምንም አልተሰጠንም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሐኪሙን አስጠርታ ሦስቱንም ስፌት መኪናው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ዶክተር፣ የእንቅርቱ እጢ ሙሉ ሲወጣ ምን ይፈራል?»

«ከጀርባው ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ እጢዎች አሉ። እነሱ ከተጎዱ ጣት ይደነዝዛል፣ ጉሮሮ ይኮማተራል፤ ይገድላል። ለዚህ ነው ኪኒኑን ከማስጠንቀቂያ ወረቀት ጋር የምንሰጠው።»

«ስለዚህ ኪኒኑ ቤት ገብቷል፤ ወረቀቱ ግን ጠፍቷል። ሊገድላት የፈለገ ሰው ኪኒኑን ይጥለው ነበር። ቫይታሚን ብሎ የሰጣት እንድትውጠው ፈልጓል፤ እንድታውቅ ግን አልፈለገም። እንቅርትን ደግሞ ማን ይደብቃል? ወረቀቱ ላይ የማይጠራ የበሽታ ስም ነበረበት።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ልጅቷ ግማሽ፣ ሙሉ የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም። አንተ ታውቃለህ። ሐኪም ፊት ተቀምጠህ መርጠሃል።»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ።

«ካንሰር ነበር» አለ ሐኪሙ በዝቅተኛ ድምፅ። «ትንሽ፣ በአንድ በኩል ብቻ። ግማሹ ይበቃ ነበር። ወንድሟ ‹ሙሉውን አውጣ፣ ለሷ እንዳትነግር› አለኝ። እኛም ልማዳችን ነው፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ እንነግራለን።»

«መጀመሪያ ለቤተሰብ፤ ለሷስ መቼ?»

ሐኪሙ ይዞት የመጣውን ዶሴ ወደ ራሱ ሳበ።

«ስሙን ካየች በድንጋጤ ትሞታለች ብዬ ወረቀቱን አቃጠልኩት» አለ ወንድምየው። «ጣት ሲደነዝዝ አምጧት ይላል። አንብቤው ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ጣትሽ እንዴት ነው አላልኳትም።»

«ከዚያ እኔን ከሰስክ» አለች ልጅቷ።

«አፍሬ ነው።»

መርማሪዋ መጻፍ ጀመረች። ወንድምየው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። «እባክሽ፣ ያንን ቃል ተይው። ለለቀስተኛው እንቅርት ብለናል።»

«ጻፊው» አለች ልጅቷ። «ከሥሩ ደግሞ እሷን ማንም እንዳልጠየቃት ጻፊ።»

ሐኪሙ ዶሴውን ከፍቶ የቀዶ ጥገናውን የስምምነት ገጽ ራሱ ለመርማሪዋ አቀበለ። የወንድምየው ፊርማ አለ፤ የራሱም አለ። ለታማሚዋ የተተወው መስመር ባዶ ነበር።