መቶ ሃያ በሰማንያ

ሠርክአዲስ ባምላኩን የወደደችው በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ነው። አንዲት አሮጊት ከወረፋው መሀል ተዝለፍልፈው ሲወድቁ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እሱ ግን ተንበርክኮ የደም ሥራቸውን በጣቶቹ እየዳሰሰ «አይዞዎት እናቴ፣ አለሁ» አላቸው። እሱን ስታይ የቡሬ አውቶቡስ አመለጣት፤ አልቆጫትም። በቡሬ ገጠር የጤና ጣቢያ ኃላፊ መሆኑን ያወቀችው በሚቀጥለው አውቶቡስ አጠገቡ ተቀምጣ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ቆረጠ። በዚያው ሰሞን የምትሠራበት ጤና ቢሮ አዲስ ሥራ ሰጣት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ሳይታመም በፊት የደም ግፊቱና ስኳሩ ይለካ ተብሎ የታወጀው አገር አቀፍ ዘመቻ ምን እንዳፈራ ገምግሚ ተባለች። በለካው ሰው ብዛት ከአካባቢው አንደኛ የወጣው የባምላኩ ጣቢያ ነበር። ኮራች።

ኩራቷ መዝገቡን እስክትገልጥ ነው። የአራት መቶ ሰው ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ! አራት መቶ ገበሬ ደሙን ተማክሮ የሚያዘዋውር ይመስል። ስሞቹ ደግሞ ወልደ ሥላሴ፣ እህተ ማርያም፣ እያሉ ይወርዳሉ። ሁሉም የክርስትና ስም። በጎጃም ገጠር ማን ጎረቤቱን በክርስትና ስሙ ይጠራል?

መንደር ገብታ ብትጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ እማዋይሽ የሚባሉ ጥቁር የለበሱ ሴት ደንግጠው አዩዋት።

«ወልደ ሥላሴ የኔ ባል ነው። ሰው የሚያውቀው ደረሰ ብሎ ነው። የክርስትና ስሙ ያለው ንስሐ አባታችን ቄስ አድማሴ ደብተር ላይ ነው። አንቺ ከየት አገኘሽው ልጄ?»

ቄስ አድማሴ የባምላኩ አባት ናቸው።

«የባለቤትዎ ግፊት ተለክቶ ነበር፣ እማማ?»

«ማን ለክቶት! ራሴን ራሴን እያለ በጨርቅ ሲያስር ከረመ። ሚያዝያ ላይ እርሻው መሀል ወደቀ። ግማሽ አካሉ ከዳው፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

መዝገቡ «መጋቢት ሃያ፣ መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ደህና» ይላል። ሠርክአዲስ መዝገቡን ከድና ተነሣች።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ባምላኩ ፈገግ ብሎ ተነሣ።

«ስሞቹን ከአባትህ የንስሐ ደብተር ነው የገለበጥከው?»

ፈገግታው ጠፋ። «መለኪያው ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው፣ ሠርኬ። ጻፍኩ፣ ደወልኩ። የመጣልኝ ይህን ያህል ሰው ለካ የሚል ኮታ ብቻ ነው። ስምና ዕድሜ ያለው ደብተር ደግሞ ቤታችን ነበር።»

«እና ደረሰን ደህና ነው አልከው።»

«ደረሰ የቱ ነው?»

ከሁሉ ይበልጥ ያስጠላት ይህ ጥያቄ ነው። ስለ ሞተው ሰው ነገረችው። ባምላኩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እለፊው» አላት ቀስ ብሎ። «ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። ትወጂኝ የለም?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ያው የምትወዳቸው ዓይኖች ናቸው፤ አንድም ነገር አልጎደላቸውም።

«እወድሃለሁ። የሚያቅለሸልሸኝም እሱ ነው።»

ሪፖርቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው። የመለኪያውን መበላሸት፣ ለአቤቱታው መልስ መጥፋቱንም አልዘለለችም። የእሱንም ስም አልዘለለችም።

እስከ መጣችበት መኪና ተከትሏት ወጣ።

«ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«አይምጡ በላቸው።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «እኔም አንድ ቀን እታመም ይሆናል፣ ባምላኩ። ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ሳታየኝ ደህና ናት የምትል ሰው ነህ።»