ሞቷል፤ ሱቅ እጠብቃለሁ

መልእክቱ የመጣው ከካሜራ ነጋዴው ከጠሀ ስልክ ነው፦ «ሞቷል። ሱቅ እጠብቃለሁ።»

አሸብር የጀመረውን ሳምቡሳ ትቶ ተነሳ። ከቬልኖክ ሌላ ካሜራ ነክቶ የማያውቅ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ከጠሀ የገዛው አዲሱ ቬልኖክ ግን ሙሽሪት ቀለበት ስታጠልቅ ጨለማ ብቻ አነሳ። ትናንት ለፍተሻ ጠሀ ዘንድ ሲተወው «ገደልከኝ!» ብሎ የጮኸውን የመርካቶው ሶማሌ ተራ በሙሉ ሰምቶታል።

የካሜራውን ካርቶን በፌስታል ይዞ ሱቁ ሲደርስ፣ በጠሀ ወንበር ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ምን ይዘህ ነው?» አሉት።

«ካርቶኑን። ይቀየርልኝ ብዬ።»

«በሌላ ብራንድ?»

«ኧረ በራሱ በቬልኖክ። አንዱ ቢበላሽ ልክዳው እንዴ?»

ሴትየዋ ፈገግ አሉ። የሱቁ ሻጭ ዱንያ ያልተከፈተ ካሜራ ታቅፋ ገባች። «ጋሽ ጠሀ የታሉ? ምትኩን ከመጋዘን አምጥቻለሁ።» በመጨረሻ፣ እቃ የሚያስመጣው የጠሀ ሸሪክ ሙናዊር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አላህ ይርሀመው። ለሚስቱ ተነገራት?»

አሸብር ዞር ብሎ አየው። ካሜራው ያላገባ መሆኑን ሊነግረው ፈልጎ ነበር።

«ዝጋው» አሉ ሴትየዋ፤ ውጭ ሲቪል ለብሶ የቆመ ፖሊስ የብረት መዝጊያውን ቁልቁል ለቀቀው። «ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽ እባላለሁ። ጠሀ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ትናንት ማምሻውን በካሜራ ማንጠልጠያ ታንቋል። ዘበኛው ዛሬ ጠዋት አግኝቶት ለኛ ብቻ ነው የነገረው።»

ማንጠልጠያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አሸብር ፎቶ» የሚል ተጠልፎበታል። ዱንያ አፏን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። አሸብር መዝጊያውን አየ፤ ቀዳዳ የለውም።

«ምን ይጣራል?» አለ ሙናዊር። «አሸብር ገደልከኝ ሲለው ሰፈሩ ሰምቷል።»

«መርካቶ ገደልከኝ ያለ ሁሉ ቢታሰር ገበያው ይዘጋ ነበር» አሉ ሸዋርካብሽ። «ዱንያ፣ ካሜራውን ማን ፈታው?»

«ራሳቸው ጋሽ ጠሀ። ብሎኖቹ ቀድመው የተፈቱ ናቸው፤ ካርቶኑ አዲስ፣ ሆዱ አሮጌ ነው አሉ። ሙናዊርን ጥሪልኝና ሂጂ አሉኝ።»

«ጠርታኝ ነበር፤ አልመጣሁም» አለ ሙናዊር።

ሸዋርካብሽ የጠሀን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ። «መልእክቱን ለሦስታችሁም የላክሁት እኔ ነኝ። ማን እንደሞተ አልጻፍኩም። እዚህ ሰፈር ሲሞት የሚውለው እቃ ነው፤ ስልክ ይሞታል፣ ባትሪ ይሞታል። አሸብር ካሜራዬ ሞተ ብሎ ካርቶን ይዞ መጣ። ዱንያ ካሜራው ሞተ ብላ ምትክ ይዛ መጣች። አንተ ሐዘን ይዘህ መጣህ። ሚስቱ ያልከው የማን ሚስት ነው?»

«የጠሀ ነዋ፤ ሞቷል ስለሚል...»

«ከራሱ ስልክ፣ እጠብቃለሁ እያለህ?»

ሙናዊር ወደ መዝጊያው ሁለት እርምጃ ተራመደ። መሄጃ አልነበረውም።

«ቬልኖክን አታሰድብብኝ አለኝ» አለ ሙናዊር ቀስ ብሎ። «አሮጌውን አሽገህ የሸጥከው አንተ ነህ፣ ለነጋዴው ሁሉ እነግራለሁ አለ።»

መዝጊያው ተነሳ፤ ሙናዊርን ወደ ፖሊስ መኪና ወሰዱት።

«ካሜራዬስ?» አለ አሸብር።

«ኤግዚቢት ነው፤ ለማስረጃ ይያዛል። ባትወደው ኖሮ ግን ሞቷል ሲባል ሰው መስሎህ ሐዘን ይዘህ ትመጣ ነበር፤ ያኔ አንተም እዚያ መኪና ውስጥ ነበርክ።»

ውጭ ወጥቶ ስልኩን ከፈተ። ሊጣላው የመጣው ሰው መጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። አሸብር መልእክቱን ስለ ሰው እንደተጻፈ ገና አሁን አነበበው።

«ሞቷል። ሱቅ እጠብቃለሁ።»